የአልፕስ ባይክ ፓርክ ለጀማሪ፦ ከጄኔቫ ተነስቶ ፖርት ዱ ሶሌይን በብስክሌት መውረድ

ባይክ ፓርክ ውስጥ ቀድሞ የሚደክመው እግር አይደለም። እጅ ነው። ዳገቱን ሊፍት፣ ማለትም በገመድ የሚሄድ ወንበር ወይም ሳጥን፣ ያወጣችኋል፤ የቀረው ሥራ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፍሬን መያዝና መልቀቅ ማለት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተራራውን ሊውጥ የደረሰ ጎረምሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቶቹን መዘርጋት ያቅተዋል። ክፉ ውድቀትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ እጅ ሲዝል ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ምክር ሁሉ በአንድ ጥያቄ መዝኑት፦ እጄን ያተርፍልኛል ወይስ ይጨርስብኛል? የብስክሌቱ ምርጫ፣ የመስመሩ ምርጫ፣ የምሳ ሰዓቱ ሳይቀር መልሱን የሚያገኘው ከዚሁ ነው።

አልፕስ ሰፊ ነው። የኦስትሪያው ሊዮጋንግ፣ የስዊሱ ሌንዘርሃይደ፣ የጣሊያኑ ሊቪኞ እያንዳንዳቸው ጥሩ ባይክ ፓርክ አላቸው። እዚህ የመረጥኩት ፖርት ዱ ሶሌይን ነው። በሌማን ሐይቅና በሞን ብላን መካከል፣ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ተቀምጧል። 12 የተራራ ሪዞርቶች የተጣመሩበት ቦታ ነው። በበረዶ ወራት የስኪ አገር ነው። በረዶው ሲቀልጥ እነዚያው ሊፍቶች ብስክሌት ይጭናሉ። ከጄኔቫ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ እዚያ አካባቢ የሚኖር አበሻ ከዚህ የቀረበ ትልቅ ባይክ ፓርክ አያገኝም።

1. ወሩንና ቀኑን መምረጥ

ወቅቱ በግምት ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ እነሱ ዘንድ በጋ ነው። ሁሉም ሊፍት በአንድ ቀን አይከፈትም፤ በአንድ ቀንም አይዘጋም። በወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የምትሄዱ ከሆነ የትኛው እንደሚሠራ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ድንበር የሚያሻግረው ሊፍት ዝግ ከሆነ ዕቅዱ ሁሉ ይፈርሳል።

ጁን መጨረሻ ላይ ፓስ ፖርት የሚባል ትልቅ የብስክሌት ድግስ አለ። ውድድር አይደለም። ሰው በሊፍት እየወጣ፣ መንደር ከመንደር እየዞረ፣ በየመንገዱ የአካባቢውን አይብና ሥጋ እየቀመሰ ይውላል። ደስ ይላል። ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ መስመሩም በሰው ይሞላል።

እኔ ብመርጥ ጁላይ መጀመሪያን፣ ያውም ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትን ቀናት እመርጣለሁ። ኦገስት ሲገባ መሬቱ ይደርቃል፣ አቧራው ይነሳል፤ ከየኩርባው በፊት ያለው መሬትም ኮረኮንች ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው እዚያው ቦታ ላይ ፍሬን ይይዛል፣ ጎማው አፈሩን ይገፋል፣ ጉብታ ይሠራል። ከመንደሮቹ ሞርዚንና ሌ ዤ በዚህ የታወቁ ናቸው። እጅን የሚጨርሰውም ከዝላዩ ይልቅ ይህ ኮረኮንች ነው።

የአልፕስ የበጋ አየር ሌላ ጠባይ አለው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለልና መብረቅ ይመጣል። መብረቅ ሲኖር ሊፍት ይቆማል። ስለዚህ በጠዋት ጀምሩ፤ ሩቅ መንገድ ካላችሁ ከምሳ በፊት አጠናቁት።

2. ወረቀት፣ ኢንሹራንስ፣ ስልክ

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ፤ ለኛ ሰው በተለይ ያስፈልጋል። ድንበሩ ያለው ተራራው አናት ላይ ነው። ኬላ የለም፣ ፖሊስ አይታይም፤ ከሊፍት ወርዳችሁ አሥር ሜትር ስትነዱ ሌላ አገር ገብታችኋል። መታወቂያና የመኖሪያ ፈቃድ ኪስ ውስጥ ይኑር።

በስዊዘርላንድ የኤን ፈቃድ የያዘ ጥገኝነት ጠያቂ ከአገሪቱ መውጣት አይችልም። የኤፍ ፈቃድ ያለውም፣ ማለትም ለጊዜው እንዲቆይ የተፈቀደለት ሰው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ መውጣት የለበትም። በብስክሌት መሻገርም መውጣት ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ ላይ ያላችሁ ሰዎች በስዊስ በኩል ባሉት በሻምፔሪ፣ በሌ ክሮዜና በሞርዣን ተወሰኑ። እዚያም በቂ ተራራ አለ። ከኤግል ተነስቶ ሻምፔሪ ድረስ የሚወጣ ባቡርም አለ። ለብስክሌቱ የራሱን ቲኬት መቁረጥ እንዳትረሱ።

ኢንሹራንስ። በስዊዘርላንድ ለአንድ ቀጣሪ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስ አደጋም በቀጣሪው በኩል ዋስትና አለው። ሆኖም ውድድርና የውድድር ልምምድ እንደ ልዩ አደገኛ ነገር ሊቆጠርና ካሳው ሊቀነስ ይችላል። ከሌላ አገር የምትመጡ ደግሞ ውሉ የተራራ ፍለጋንና ሄሊኮፕተርን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። በስዊስ በኩል የሄሊኮፕተር ሂሳብ በሺዎች ፍራንክ ነው የሚመጣው።

ስልክ ላይ ያለው ወጥመድ ትንሽ ነው ግን ያናድዳል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። የፈረንሳይ ወይም የጀርመን ሲም ይዛችሁ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ስልኩ በራሱ የስዊስ ኔትወርክ ሊይዝና ሊያስከፍል ይችላል። ጥቅላችሁ ስዊዘርላንድን ካልጨመረ ዳታውን ዝጉና ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

3. የትኛው መንደር ማረፍ?

ሞርዚን መሃል ላይ ናት። ከፍታዋ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሱቁ፣ ኪራዩ፣ ጥገናው፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ እዚያ አለ። ከመንደሩ በአንድ በኩል የፕሌኔ ሊፍት ይነሳል፤ ከላይ ተነስታችሁ ወደ ሌ ዤ መሻገር ትችላላችሁ። በሌላው በኩል ሱፐር ሞርዚን አለ፤ እሱ ወደ አቮሪያና ወደ ስዊዘርላንድ ያደርሳል። ሁለቱንም አቅጣጫ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ማረፊያው ሞርዚን ነው። ግን ከፕሌኔ ወደ መንደሩ የሚወርዱት መስመሮች ቁልቁል ናቸው፣ ሰውም ይበዛባቸዋል።

እውነት ለመናገር ለመጀመሪያ ቀን የምልካችሁ ሌ ዤ ነው። ስሙን ስትሰሙ ልትፈሩ ትችላላችሁ፤ የዓለም የማውንቴን ባይክ ሻምፒዮና በ2004 እና በ2022 የተካሄደው እዚያ ነውና። በ2022 በዳውንሂል፣ ማለትም በቁልቁለት ውድድር፣ በወንዶች ሎይክ ብሩኒ፣ በሴቶች ቫሊ ሆል ያሸነፉበት ቦታ ነው። ነገር ግን መንደሩ በሁለት ተራራ መሃል ነው ያለችው። በሻቫን በኩል ሰፋ ያሉ፣ ለስለስ ያሉ፣ በማሽን የተሠሩ መስመሮች አሉ። በሞን ሼሪ በኩል ያሉት ግን ሥርና ድንጋይ የበዛባቸው፣ ገደላማ ናቸው። ጀማሪ በሻቫን በኩል ይቆይ።

ሻቴል የዝላይ ወዳጆች አገር ናት። ፕሬ ላ ዡ የሚባለው ሥፍራ ላይ ያለው ፓርክ በትልልቅ ዝላዮቹ ይታወቃል። በቤልጂጋዊው ጋላቢ በኒኮ ቪንክ ስም የተጠራው ቪንክ ላይን እዚያ ነው። ቆማችሁ ለማየት ሂዱ፤ ለመንዳት አትቸኩሉ።

ሻምፔሪ ከሁሉ ትለያለች። የውድድር መስመሯ በዓለም ላይ ቀጥ ብለው ከሚወርዱት አንዱ ነው። በ2011 የዓለም ሻምፒዮና ላይ እንግሊዛዊው ዳኒ ሃርት በዝናብና በጭቃ ከ11 ሰከንድ በላይ ርቆ ያሸነፈው እዚያ ነው። ዳውንሂል በሰከንድ ክፍልፋይ የሚወሰን ስፖርት ስለሆነ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። እናንተ ግን ያንን መስመር ከአጥሩ ማዶ ሆናችሁ እዩት።

ስለ ከፍታው አትጨነቁ። ከሊፍቶቹ አንዱ የሚያደርሰው የሞሴት ጫፍ 2,277 ሜትር ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሆነ ለሚያውቅ አበሻ ይህ ምንም አይደለም። ይልቅ ብርዱን አስቡ። ሞርዚን ላይ 25 ዲግሪ ሆኖ እላይ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ነፋስም አለ። የቀዘቀዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በደንብ አይዝም።

4. ብስክሌትና ልብስ

የራሳችሁ ብስክሌት ከሌለ ተከራዩ። ከሊፍት ቲኬቱ ይልቅ ኪራዩ እንደሚበልጥ ከአሁኑ ዕወቁት። ቢሆንም የከተማ ብስክሌት ወይም የኋላ ሞላ የሌለው ርካሽ ማውንቴን ባይክ ይዞ መሄድ ገንዘብ መቆጠብ አይደለም። ፍሬኑም እጃችሁም አይችሉትም።

ሁለት ዓይነት ይቀርብላችኋል። ዳውንሂል የሚባለው ሞላው 200 ሚሊሜትር ያህል የሚሄድ፣ ከባድ፣ ለመውረድ ብቻ የተሠራ ነው። ኢንዱሮ የሚባለው ከ160 እስከ 170 ሚሊሜትር ሞላ አለው፤ ዳገትም በፔዳል ይወጣል። ፓርክ ውስጥ ብቻ ለመዋል ዳውንሂል ይሻላል፤ ንዝረቱን ይውጥላችኋል። ከመንደር መንደር ለመዞር ኢንዱሮ ተከራዩ፤ በመሃል በፔዳል የሚሄዱበት ቦታ አለና።

ከሱቁ ሳትወጡ የሚከተሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል አድርጉ።

መጀመሪያ የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ ጠይቁ። በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ ግራው የፊት፣ ቀኙ የኋላ ፍሬን ነው። በእንግሊዞች ዘንድ ተቃራኒው ነው፤ ሞርዚን ውስጥ ደግሞ እንግሊዝ ሞልቷል። ሳታውቁ ወርዳችሁ የኋላውን ያዝኩ ብላችሁ የፊቱን ብትጨብጡ በመሪው ላይ ትበራላችሁ።

ቀጥሎ የፍሬኑን መያዣ አስተካክሉ። አመልካች ጣት ብቻ ጫፉ ላይ እንዲያርፍ መያዣው ወደ ውስጥ ይግፋ፤ ርቀቱም ጣቱ ሳይንጠራራ እንዲደርስ ይስተካከል። የዛሬ ዲስክ ፍሬን በአንድ ጣት ይቆማል። የቀሩት ሦስት ጣቶች መሪውን ይያዙ። ይህቺ የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት። በቀኑ መጨረሻ ግን የእጃችሁ ሁኔታ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይልቅ በእሷ ነው የሚወሰነው። ሠራተኛው ቢቸኩል እንኳ አትልቀቁት።

ከዚያ ሞላው። ሄልሜትና መከላከያ እንደለበሳችሁ ብስክሌቱ ላይ ፔዳሉ ላይ ቁሙ፤ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ሾክ አብዞርበሩ ላይ ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት እስከ መጨረሻው አስጠጓት። ሳታናውጡ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቀለበቷ የሄደችበት ርቀት ከጠቅላላው ለኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ ለፊቱ 20 በመቶ ገደማ ሲሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ደርቋልና እያንዳንዱን ድንጋይ እጃችሁ ይቀበለዋል። ከበዛ ደግሞ በዝላይ ላይ እስከ ታች ይመታል።

ጎማው ቱብለስ (ከመነዳሪ የሌለው) ከሆነ 75 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው ከፊት 24፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ለመነሻ ይሆናል። ከባድ ሰው ትንሽ ይጨምር። ጠንክሮ የተነፋ ጎማ በሥርና በድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ ንዝረቱንም ሁሉ ለእጅ ያስተላልፋል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ ግን እንዲህ ዝቅ አታድርጉት፤ ድንጋይና ቸርኬው መሃል ተቀርቅሮ ይበሳል። ተራራው ላይ ደግሞ ጎሚስታ የለም።

የፍሬን ሸራውንም ተመልከቱ። ቀጭን ከሆነ በኪራዩ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አስቀይሩ። ለረጅም ቁልቁለት ከብረት ብናኝ የተሠራው ሸራ ሙቀት ይችላል፤ ጩኸቱ ግን ያስጠላል።

ልብሱን ባጭሩ። አገጭ የሚሸፍን ሄልሜት፣ መነጽር፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ የጀርባ መከላከያ፣ ሙሉ ጣት ያለው ጓንት፣ ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ። የሩጫ ጫማ ፔዳል ላይ ያንሸራትታል። ቀለል ያለ የዝናብ ጃኬት በቦርሳ። ኪስ ውስጥ ቆሎ ይኑር፤ ከማንኛውም የታሸገ ከረሜላ ይሻላል።

5. ቲኬትና ሊፍት

ሁለት ዓይነት የቀን ቲኬት አለ፦ የሞርዚንና የሌ ዤ ብቻ የሆነ፣ እና ፖርት ዱ ሶሌይን በሙሉ የሚያስኬድ። ለመጀመሪያው ቀን ሙሉውን መግዛት ብክነት ነው። አንድ ተራራ እንኳ አይጨርሱም።

ሊፍት ላይ መፍራት አያስፈልግም። በጎንዶላ (በዝጉ ሳጥን) ከሆነ ብስክሌቱን ይዛችሁ ትገባላችሁ ወይም ውጭ ካለው መያዣ ላይ ይሰቀላል። በወንበር ሊፍት ከሆነ ሠራተኛው የፊት ጎማውን ወንበሩ ኋላ ባለ መንጠቆ ላይ ይሰቅለዋል፤ እናንተ በሚቀጥለው ወንበር ትከተላላችሁ። እላይ ስትደርሱ ሌላ ሠራተኛ ያወርደዋል። እናንተ ብስክሌቱን ለመንጠቅ አትሩጡ፤ ከወንበሩ ወርዳችሁ ወደ ጎን ዞር በሉና ጠብቁ። «ቦንዡር» እና «መርሲ» ማለት ደግሞ ሥራውን ያቀላል። ቀኑን ሙሉ ብስክሌት የሚያነሳ ሰው ሰላምታ ይገባዋል።

የመጨረሻው ሊፍት ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠዋቱኑ ሰሌዳው ላይ አንብቡ። ብዙዎቹ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ይዘጋሉ፤ ሰሌዳው ላይ 17:00 ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዱ ቀደም ይላል።

6. የመጀመሪያው ቀን በሰዓት በሰዓት

በፈረንሳይ በኩል መስመሮቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በአራት ቀለም ይለያሉ፦ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። የባይክ ፓርክ ሰማያዊ የአስፋልት ብስክሌት ለለመደ ሰው ቀላል አይደለም። ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ በአረንጓዴ ጀምሩ። ጉረኛ ጓደኛ ካላችሁ ብቻውን ይሂድ።

የመጀመሪያውን ቁልቁል ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ምንም ነገር አትዝለሉ፣ ሁሉን በጎማ ላይ ሆናችሁ እለፉት። ዓላማው መስመሩን ማየት ነው። ኩርባው የት ነው? ጉብታው ከኋላው ምን አለው? አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ዝላይ ሳይዘሉም ይታለፋል። መሃሉ ክፍት የሆነ ዝላይ ግን አይታለፍም፤ ወይ ትሻገራላችሁ ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምልክትና መሸሻ መንገድ አለው። ምልክቱን ለማንበብ መዘግየት አለባችሁ።

አቋቋማችሁ እንዲህ ይሁን። ኮርቻው እስከ ታች ይውረድ፤ እናንተ አትቀመጡ። ሁለቱ ፔዳሎች ከመሬት እኩል ይሁኑ፣ ተረከዝ ዝቅ ይበል። ጉልበት ታጠፍ ይበል፣ ክርን ወደ ውጭ ይከፈት። ክብደታችሁ እግር ላይ ይረፍ። መሪውን አትጨምቁ። ዓይን ከጎማው ፊት ሳይሆን አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ርቆ ይመልከት። ብዙ ጀማሪ ሲፈራ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ክንዱ ይወጠራል። ያን ጊዜ የፊት ጎማው ይቀልና መዞር እምቢ ይላል፤ የተወጠረ ክንድም ወዲያው ይዝላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፍሬን። ጀማሪ ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን በትንሹ እንደያዘ ይወርዳል። ይህ ሦስት ጉዳት አለው። ጣት እረፍት አያገኝም። ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠላል፣ የፍሬኑ ጉልበት ይቀንሳል። ጎማውም መሬት መቆንጠጡን ይተዋል። በምትኩ እንዲህ ሞክሩ፦ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙ። ፍጥነቱ ሲበርድ ልቀቁ። ኩርባውን ፍሬን ሳትይዙ እለፉ። ኩርባው ሲያልቅ እንደገና። መያዝና መልቀቅ፣ መያዝና መልቀቅ። በለቀቃችሁ ቁጥር ጣት ያርፋል።

የሚያቆማችሁ በአብዛኛው የፊት ፍሬን ነው። ሰው በፍርሃት ይተወውና በኋላው ብቻ ይወርዳል፤ የኋላው ጎማ ይቆለፍና ይንሸራተታል። ፊቱን ተለማመዱት፤ ግን መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ብቻ። እርጥብ ሥር ላይ የትኛውንም አትያዙ። በቀጥታ ተሻገሩት፣ ካለፋችሁ በኋላ ያዙ።

ኮረኮንቹ ዘንድ ስትደርሱስ? ጉብታው ከመጀመሩ ሦስት አራት ሜትር ቀድማችሁ ፍሬኑን ጨርሱ። ጉብታው ላይ ጣት ይልቀቅ፣ ጉልበት ይላወስ፣ ክብደት እግር ላይ ይሁን። ከሰው ሁሉ መንገድ አንድ ሜትር ወጣ ብሎ ለስላሳ መሬት የሚገኝበትም ጊዜ አለ፤ ከመስመሩ ሳትወጡ እዩት።

ግድግዳ የተሠራለት ኩርባ፣ «በርም» የሚሉት፣ ከሚመስለው ይቀላል። ግድግዳው ይይዛችኋል። ከፍ ብላችሁ ግቡ፣ ብስክሌቱን ወደ ውስጥ አዘንብሉ፣ አገጫችሁን ወደ መውጫው አዙሩ። ዓይናችሁ ያረፈበት ብስክሌቱ ይሄዳል። ዛፉን ካያችሁ ዛፉ ጋ ትሄዳላችሁ።

የቀኑ አከፋፈል ላይ ልጨክን። አንድ ቁልቁል ጨርሳችሁ ሊፍት ላይ ስትቀመጡ ጓንቱን አውልቁ፣ ጣት ዘርጉ፣ ውሃ ጠጡ። እስከ ምሳ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ። ቀይ ለመሞከር ካማራችሁ ከምሳ በፊት ይሁን፤ እጅ ገና ትኩስ ሳለ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚያደርገው፤ ጠዋት ይለማመድና በደከመ እጁ ከባዱን ለማታ ያቆየዋል። ከምሳ በኋላ ወደ ቀላሉ ተመለሱ። «አንድ የመጨረሻ ብቻ» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡት። ደክሟችሁ ከሆነ በሊፍት ቁልቁል ውረዱ፤ ማንም አይስቅም።

አስተማሪ መቅጠር ይገባ እንደሆነ ለምትጠይቁ፦ ግማሽ ቀን ይበቃል። ውድ ነው፤ ግን ለዝላይ ብቻውን ከመሞከር ይሻላል። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ለነሱ የግድ ነው በሉ። ከወላጅ ይልቅ አስተማሪን ይሰማሉ።

7. ድንበር ተሻግሮ መመለስ

ይህን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀን አቆዩት። ሙሉውን ቲኬት ይዛችሁ ከሞርዚን በሱፐር ሞርዚን ሊፍት ውጡ። ቀጥሎ ባለው የዞር ወንበር ሊፍት ወደ አቮሪያ አቅጣጫ ትሄዳላችሁ። አቮሪያ 1,800 ሜትር ላይ ያለች መኪና የማይገባባት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሌ ሊንዳሬ ውረዱ። ሌ ሊንዳሬ የፍየሎች መንደር ትባላለች። ፍየሎቹ በየመንገዱ እንደልባቸው ይሄዳሉ፣ ከቱሪስት ጋር ፎቶ ይነሳሉ፣ ቦርሳ ይፈትሻሉ። ቆሎውን ደብቁ።

ከሌ ሊንዳሬ የሞሴት ወንበር ሊፍት ወደ ድንበሩ ጫፍ ያወጣል። በዚያ በኩል ወርዳችሁ ሌ ክሮዜ ስትደርሱ ስዊዘርላንድ ናችሁ። ቡና ጠጡ፤ ዋጋው በፍራንክ ነው፣ ያስደነግጣል። ከዚያ በስዊስ በኩል ባለው ሊፍት ወደ ሞሴት ተመለሱና ወደ ሌ ሊንዳሬ ውረዱ። ጉልበት የተረፈው ሰው ከሌ ሊንዳሬ በሌላ ሊፍት ወደ ሻቴል በኩል መሻገር ይችላል።

ሰዓቱን የምትቆጥሩት ከሞርዚን ሳይሆን ከሌ ክሮዜ ነው። በፈረንሳይ በኩል ሌ ሊንዳሬ ላይ ሊፍት ቢያመልጣችሁ መውጫ አለ፤ በአስፋልቱ ወደ ሞንትሪዮን ሐይቅ ቁልቁል ወርዳችሁ ሞርዚን ትገባላችሁ። በስዊስ በኩል ሌ ክሮዜ ላይ ካመለጣችሁ ግን ተራራውን ዞሮ መመለስ በታክሲ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ሞሴት ጫፍ ላይ ተመልሳችሁ ተገኙ።

8. መስመር ላይ ያለ ሥርዓት

ከመነሳታችሁ በፊት ከላይ ማን እየመጣ እንደሆነ እዩ። መስመር መሃል አትቁሙ፤ በተለይ ከዝላይ ወይም ከኩርባ ጀርባ። ከኋላ ፈጣን ሰው ከመጣ አትደናገጡ፤ የሚመች ቦታ ስታገኙ ጠጋ በሉለት። የማለፉ ኃላፊነት የእሱ ነው።

ከፓርኩ ውጭ የእግረኛ መንገድ ላይ ስትወጡ ቅድሚያ የእግረኛ ነው። የላም በረት በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ ዝጉት። ቀጭን ሽቦ የተዘረጋበት አጥር ኤሌክትሪክ አለው። የበግ መንጋ ካያችሁ ከብስክሌቱ ውረዱ። ትልልቅ ነጭ ጠባቂ ውሾች ይኖራሉ፤ ፓቱ ይሏቸዋል። በብስክሌት የሚሮጥ ሰው ለነሱ ተኩላ ነው። ቀስ ብላችሁ በእግር ሂዱ፤ ብስክሌቱ በእናንተና በውሻው መሃል ይሁን፤ አትጩኹ፤ መንጋውን ርቃችሁ ዙሩት።

ወደ ኦስትሪያ የምትሄዱ ከሆነ ሕጉ ጥብቅ ነው። በ1975 የወጣው የደን ሕግ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በጫካ መንገድ ብስክሌት መንዳትን ይከለክላል። እዚያ ለብስክሌት ምልክት ከተደረገበት መስመር አትውጡ።

9. ሰው ቢወድቅ

መጀመሪያ አንድ ሰው ከላይ ይሂድና ክንዱን አቆላልፎ የሚመጡትን ያስቁም። የወደቀው አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አታንሱት፤ ሄልሜቱንም አታውልቁ። በፓርክ ውስጥ የሊፍት ሠራተኞቹን ፈልጉ፤ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። የመስመሩን ስምና ያለፋችሁትን የመጨረሻ ምልክት ንገሯቸው።

በፈረንሳይ በኩል 112 ወይም 15 ደውሉ። በስዊስ በኩል ያሉት መንደሮች ቫሌ በሚባለው ካንቶን (ክልል) ውስጥ ስለሆኑ የሚደወለው 144 ነው። በሌላው ስዊዘርላንድ የሚሠራው የሄሊኮፕተር ቁጥር 1414 ለቫሌ አይደለም። ይህን ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ ጻፉት።

ጭንቅላቱ የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ቀኑን ያቁም። ሄልሜቱም አንድ ከባድ ምት ካገኘ ተጥሎ አዲስ ይገዛ።

10. ማታ

ብስክሌቱን እጠቡ፤ መታጠቢያ በየሊፍቱ ግርጌ አለ። ኃይለኛ ውሃ ኩሽኔታው ላይ አታነጣጥሩ። ሰንሰለቱን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፤ ዘይቱ ዲስኩ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የተላቀቀ ብሎን፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ማታውኑ ይገኝ። ጠዋት ጥገና ቤት ሰልፍ አለው። የፍሬን ሸራው ውፍረት 1 ሚሊሜትር ያህል ከቀረው ቀይሩት። እርጥብ ቀን ላይ ጭቃው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፈጨው በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

የተከራያችሁት ከሆነ ጠዋት ስትረከቡ ፎቶ አንሱት፤ ሁለቱንም ጎን፣ ቸርኬውን፣ የሸራውን ውፍረት። አንዳንድ ሱቅ ሸራና ጎማን ለብቻ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ኪራዩ ውስጥ ይጨምረዋል። የትኛው እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁና ስትመልሱ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ሳይሆን ሠራተኛው ፊታችሁ አይቶ ለመፈረም ጊዜ በሚኖረው ሰዓት ድረሱ።